ሊቀ ሲምፎኒ ባምላኩ እና የእድራችን ጥሩምባ

የማይመጣ ነገር እየጠበቀ የሚያረጅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ጋ የውርስ ፍርድ የሚጠብቅ አለ፣ ሌላው ጋ የኮንዶሚኒየም ዕጣ። ለእኛ ለኮልፌ 18 ማዞሪያ ሰዎች የደረሰን ኦርኬስትራ የሚጠብቅ ሰው ነው። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እንደ ዕድላችን ነው።

ሊቀ ሲምፎኒ ባምላኩ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚሰጣቸው ስላልተገኘ። በወጣትነታቸው ቡልጋሪያ ሄደው የሙዚቃ ድርሰት ተማሩ፤ ሲመለሱ ኦርኬስትራ ይቋቋማል ተብለው ነበር። ቃል የገባው ባለሥልጣን ተሻረ፣ ቃሉም አብሮት ተሻረ። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለተማሪ ዶ ሬ ሚ እያስቆጠሩ፣ ማታ ማታ ለትልቅ ኦርኬስትራ የሚሆን ሲምፎኒ ጻፉ። ጽፈው ጨረሱ፤ የጠፋው የሚጫወተው ነው። አንድ ጊዜ ይዘውት አንድ ቢሮ ቢሄዱ፣ ኃላፊው ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ “በጣም ጥሩ ነው ጋሼ፣ በኪቦርድ አይሆንም?” አላቸው። ሳምንት ሙሉ ታመው ተኙ።

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ፈጣሪ የሚያኖረው በሁለት ግሮሰሪና በታክሲ ማዞሪያ መካከል ነው። “ቤቴል ቤቴል ቤቴል” የሚለውን ረዳት ጠርተው፣ ከሦስተኛው ቤቴል በኋላ ትንፋሽ መውሰድ እንዳለበት ሲያስረዱት በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁም በትሕትና “ፋዘር፣ ይገባሉ ወይስ አይገቡም?” አላቸው።

ቤታቸው የሄደ ሰው ደግሞ ወዮለት። ዜማ ያንጎራጉሩና መሃል ላይ ቀጥ ይላሉ። አለቀ ብለህ አፍህን ስትከፍት እጃቸው ይነሣል፦ “ዝም በል! ዝምታውም ተጽፏል።” ስንቱ ጠያቂ ሻዩ ቀዝቅዞበት ወጥቷል። ያ ዝምታ የት ላይ እንደሚያበቃ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ ባለቤታቸው እትዬ ማራኪ። ሳህን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሲያልቅ ወደ ጓዳ ይገባሉ።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝና የመጣውን ጣጣ ከሥሩ አውቀዋለሁ። ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚነፋልን ጉዲሳ ነው፤ አነፋፉ ፍየል የታነቀች ያስመስላል። ሊቀ ሲምፎኒ ይህን ሲሰሙ ኖረው ኖረው አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀ። ሰው የሚሞተው አንዴ ነው፣ እንዲህ ተደርጎ ይነፋለታል ወይ ብለው ከሲምፎኒያቸው ሐዘን ያለበትን ቦታ ቆርጠው፣ ያቺ የቆርቆሮ ጥሩምባ በምትችለው ድምፅ ልክ አዘጋጁት። ጉዲሳን ባሕር ዛፉ ሥር ወስደው አስጠኑት። የሕይወታቸው ሥራ በሰው ጆሮ ሊገባ ነው፤ በደስታ ጢማቸውን ተላጩ።

የመጀመሪያው ሟች አቶ ደሜ ሆነ፣ ነፍሱን ይማረው። ጉዲሳ ጎህ ሲቀድ ነፋ። ሰው ተነሣ፣ አንድ እግሩን ሱሪው ውስጥ አስገባ፤ ጥሩምባው ቀጥ አለ። ያ የተጻፈ ዝምታ መሆኑ ነው። ሰፈሩ ግን የሌላ እድር ነው፣ ተሳስቶ ነው ብሎ ተመልሶ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ቀሪው ሲነፋ የሰማው ካለም አዲስ ዳቦ ቤት የተከፈተ ነው የመሰለው። አቶ ደሜን ዘመዶቹና እኛ የእድሩ ሹሞች ብቻ ቀበርነው።

ቀባሪ ማጣት በእኛ ዘንድ የጠላት እርግማን ነው። ሚስቱ እትዬ ኤቢሴ ስብሰባ ላይ ቆመው “ባሌን እንደ ባዳ አስቀበራችሁት” አሉና ተቀመጡ። ሊቀ ሲምፎኒ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቁ። ሲምፎኒያቸውን በኪቦርድ ይሁን ሲባሉ የታመሙት ሰውዬ “ዝምታዋን ላሳጥራት?” ብለው ለመኑ። የእድሩ ዳኛ አቶ ያደሳ፣ የድሮው ይሻለናል፣ አዲሱ ይቅር ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ማንጎራጎራቸውን ተዉ። የሚናፍቀኝ አይመስለኝም ነበር፤ ናፈቀኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ እትዬ ማራኪ ታመው ዘነበወርቅ ሆስፒታል ገቡ፤ አልተመለሱም። ሊቀ ሲምፎኒ ለእድሩ ሊያስታውቁ በእግራቸው እኔ ቤት መጡ። ያቺን ዜማቸውን አስነፋልኝ ይላሉ ብዬ፣ እንዴት እንቢ እንደምላቸው እየጨነቀኝ ነበር።

“የድሮውን አስነፋልኝ” አሉኝ። “ለማራኪ ሰው ይምጣላት።”

ጉዲሳ እንደ ልማዱ ፍየሏን አነቃት። ኮልፌ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ፍትሐቱ አልቆ አፈር ሲለብሱ፣ ጉዲሳ ማንም ሳያዘው ጥሩምባውን ከጋቢው ሥር አወጣ። አቶ ያደሳን አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። ያችን ዜማ ነፋት፤ ግማሿ ላይ ደርሶ ቆመ። አልቃሾቹ ሊጀምሩ ትንፋሽ ሲስቡ አንዲት ሴት እጇን አነሣች። እትዬ ኤቢሴ ነበሩ።

“ቆዩ” አሉ። “አላለቀም።”

ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ታክሲ ተራ እንኳን ድምፅ የመጣ አይመስለኝም፤ መጥቶም ከሆነ አልሰማሁትም። ከዚያ ቀሪው ተነፋ፣ እኛም አለቀስን። ሊቀ ሲምፎኒ ሲመለሱ ጉዲሳን ትከሻውን ይዘው፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ መጨረሻዋ ላይ ቸኩለሃል አሉት።

እኔም ለልጆቼ ተናዝዣለሁ። የሞትኩ ዕለት ጠዋት የሚነፋልኝ የጋሼ ባምላኩ ነው። ግማሹ ሰው ተመልሶ ቢተኛም አልቀየምም፤ እስኪያልቅ የጠበቀው ይቅበረኝ።