የቀትር ሽማግሌ

ጥላ ማለት፣ ፀሐይ አንድን ነገር አልፋ መሄድ ሲያቅታት ከነገሩ ኋላ የሚተርፍ ጠቆር ያለ ቦታ ነው። ቁመትና ወርድ አለው፤ ውፍረት የለውም። አይታጠርም፣ አይወረስም፣ ግብርም አይከፈልበትም። ይህን የማያውቅ የቆቦ ሰው የለም። ባያውቅማ በሚያዝያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አምስት ጎልማሶች በአንድ የመብራት እንጨት ጥላ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው ሚኒባስ ሲጠብቁ ባላያችሁ ነበር።

ከሰልፈኞቹ አንዱ እኔ ነኝ። ፀሐይ አናቴን ሩብ ሰዓት ካገኘችው ከግራ ዓይኔ በላይ አናጢ ሥራ ይጀምራል። ጎረቤቶቼ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ እያሹ ያስሸትቱኛል። ጤና ጣቢያ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም ግን በትሕትና ካዳመጠኝ በኋላ «ውኃ ይጠጡ፣ ባርኔጣ ያድርጉ፣ በተቻለ መጠን ከፀሐይ ይራቁ» አለኝ። ከፀሐይ ይራቁ! ቆቦ ላይ ተቀምጦ! ዓሣንም «ከውኃ ራቅ» ብሎ መምከር ምክር ነው። አመስግኜ ወጣሁ፤ ቤቴ ድረስ የሄድኩት ግን በፀሐይ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ምክሩን አጥብቄ ያዝኩ። ባርኔጣ ገዛሁ፤ ጃንጥላም ጨመርኩ። ዱላ በለመደ የራያ ወንድ መካከል ጃንጥላ ይዞ መሄድ ምን እንደሚያስከትል የማስተምራቸውን ልጆች ጠይቁ። እኔ ግን ቻልኩት። ያልቻሉት ሼህ ይማም ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሜ ልጅ ሲሳይ ጎብዬ አጠገብ ካለ መንደር አንዲት ልጅ ወደደ። እኛ ሽማግሌ እስክንመርጥ ከሮቢት ለሌላ ጎረምሳ የተላኩ ሽማግሌዎች የአባቷን ደጅ መርገጥ ጀመሩ ተባለ። ሲሳይ እህል መቅመስ ተወ። እናም ጎረቤታችን ሼህ ይማም መሪ፣ እኔ ተከታይ ሆነን ተነሣን። ባጃጅ ልንገባ ስንል ሼህ ይማም ጃንጥላዬን በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ይህ ምንድነው?»

«ፀሐዩ ያመኛል፣ ሼህ ይማም።»

«ልመና ነው የምንሄደው ሽርሽር? የሰው ልጅ የሚለምን ተደላድሎ ነው እንዴ የሚለምነው? ባርኔጣውንም ወዲያ በል!»

ጃንጥላውም ባርኔጣውም ባጃጁ ውስጥ ቀሩ።

የአባትየው የአቶ ደርበው ደጅ ስንደርስ ቀትር ነበር። ከማሳ ገና መመለሳቸው ነበር፤ ወጡና «ግቡ እንጂ፣ ቁጭ በሉ» አሉን። ሽማግሌ ቃል ሳይሰማ አይቀመጥም። «የምንቀመጠው ስትሰጠን ነው» አሉ ሼህ ይማም፤ ከዚያም ምርቃት ጀመሩ። የወሎ ምርቃት አጭር አይደለም። አገሩን መረቁ፣ ከብቱን መረቁ፣ ማሽላውን መረቁ። ዝናሙን ሲመርቁ አናጢው መዶሻውን አነሣ። ሲሳይን ሲያነሡ ሼህ ይማም ሁለት ሆነው ይታዩኝ ነበር፤ ሁለቱም ይመርቃሉ።

አቶ ደርበው አዳምጠው ሲጨርሱ «መልካም፤ ከዘመድ ልምከርና በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» አሉ።

አሥራ አምስት ቀን! ለሮቢቶቹ ከበቂ በላይ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ግን ያሰብኩት ሲሳይን አልነበረም። ያሰብኩት እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ዳግመኛ መቆሜን ነው። አናጢው አንድ ጊዜ አጥብቆ መታ። አቶ ደርበው እግር ሥር ድፍት አልኩ።

«ኧረ ተነሡ! በእግዜር፣ ተነሡ መምህር!»

«አልችልም» አልኩ። ከዚህ የጠራ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

ሼህ ይማም አንዴ አዩኝ። የሰባ ዓመት ብልሃት ለዚህ ቀን ነው።

«አይነሣም! ሰጥቻለሁ ካላልከው ደጅህ ላይ ይሞታል እንጂ አይነሣም!»

ይህም ከእውነት አይርቅም ነበር። በእኛ አገር እግር ላይ የወደቀ ሽማግሌን ረግጦ የሚያልፍ የለም። አቶ ደርበው እኔን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ፣ ወደ ቤት አስገቧቸው!»

ከዚያ ወዲህ ስሜ ከቆቦ እስከ ጎብዬ ገንኗል። «ለወንድሙ ልጅ ሲል መሬት የወደቀ» እየተባልኩ በማላውቃቸው ወጣቶች ሁሉ «ሽማግሌ ሁንልን» እባላለሁ። ክብር ሲበዛ ደግሞ ኅሊናን ይኮሰኩሳል። በሰርጉ ቀን ዳስ ውስጥ ጠጋ ብዬ ተናዘዝኩ።

«አቶ ደርበው፣ ያን ቀን የወደቅኩት ለልመና አልነበረም። ፀሐይ ናት የጣለችኝ።»

ብርሌያቸውን አስቀምጠው ግራ ቀኙን ቃኙ።

«ታዲያ እኔን ምን ያስቸኮለኝ መሰለዎ? እንግዳ ፀሐይ ላይ አቁሜ ጥላ መፈለግ ነውር ሆኖብኝ እንጂ፣ ሼኩ ከብቱን ሲመርቁ ነው ራሴን መፍለጥ የጀመረኝ። ገና ሁለት ሦስት ጊዜ ላመላልሳችሁ አስቤ ነበር።»

ሲሳይና ሚስቱ ቆቦ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ልጅ ወልደዋል።