ከሾላው ሦስት መቶ ሜትር

(ኤሬዲያ፣ ኮስታ ሪካ። የአንድ ኬክ ቤት የኋላ ክፍል። ዮርሌኒ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ትዕዛዝ ስትቀበል የኖረች፣ ኮምፒውተር ስታይ ግን ማዛጋት የሚይዛት ሴት ናት። ኦልማን ትዕዛዝ ተቀብሎ ሞተረኛ የሚልክ ሰው ሠራሽ ረዳት የሠራ ወጣት ነው፤ ዕውቀቱን ለሰው ሳያካፍል ውሎ አያውቅም። ዛሬ የረዳቱ የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ የኦልማን እጮኛ የፋቢዮላ እናት ሰባ ዓመት ስለሞላቸው የልደት ኬካቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራፋቸው መድረስ አለበት። ሴትዮዋ "ከማሽን ጋር የሚያወራ ወንድ ልጄን አያገባም" ማለታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ኬኩ ወጥቷል። ጭቅጭቁ ግን አልቆመም።)

ዮርሌኒ፦ ሦስት ቃል ብቻ?

ኦልማን፦ ሦስት መሣሪያ ሰጠሁት፣ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ቃል መግለጫ። "ይፈልጋል።" "ይልካል።" "ይሰርዛል።" አለቀ! ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም፣ እትዬ ዮርሌኒ።

ዮርሌኒ፦ ምኑን ነው የሚፈልገው?

ኦልማን፦ ቤት ነዋ!

ዮርሌኒ፦ ቤት የሚል ቃል አላየሁማ።

ኦልማን፦ (ሕፃን እንደሚያባብል) ኬክ ቤት የተቀጠረ ረዳት ምን ሊፈልግ ነው፣ ሚስት?

ዮርሌኒ፦ እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣ መጠየቄ ነው። አድራሻውንስ ምን ብለህ ነገርከው?

ኦልማን፦ እንደ ሰዉ ነዋ። "ከድሮው ሾላ ሦስት መቶ ሜትር ወደ ደቡብ፣ ነጭ አጥር።"

(ስልክ ይጮኻል። ዮርሌኒ ታነሳለች።)

ዮርሌኒ፦ ወዬ ጊልበርት... የት? ... ቆይ እስቲ። (ለኦልማን) ሞተረኛው ነው። ሳን ራፋኤል፣ ተራራው ላይ ነኝ ይላል። ሾላው አለ፣ ትልቅ ነው፣ ጥላው ደስ ይላል። ሦስት መቶ ሜትሩንም በርምጃ ለክቷል። ቤት ግን የለም።

ኦልማን፦ ታዲያ ምን አለ?

ዮርሌኒ፦ ኮርማ። ኬኩን እያየው ነው።

ኦልማን፦ የእኛ ሾላ እኮ ከተቆረጠ አርባ ዓመቱ ነው!

ዮርሌኒ፦ ረዳትህ ያውቃል?

ኦልማን፦ ይህንንማ ማንም ያውቃል!

ዮርሌኒ፦ እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቃል። እሱ ክርስትና የተነሣው የት ደብር ነው?

ኦልማን፦ ደግሞ መቶ ሜትር ማለት ከአንዱ ማዕዘን እስከሚቀጥለው ማዕዘን ነው! በዚህ አገር በርምጃ የሚለካ ማን አለ?

ዮርሌኒ፦ እሱን ለኮርማው አስረዳው።

ኦልማን፦ (እየጻፈ) በቃ ላስቁመው። "ሰርዝ!"

ዮርሌኒ፦ ምኑን?

ኦልማን፦ ይህን ጉዞ ነዋ! ሌላ ምን ሊ... (ስክሪኑን ያያል፤ ፊቱ አመድ ይመስላል)

ዮርሌኒ፦ ምን ይላል?

ኦልማን፦ "የዛሬ ትዕዛዞች በሙሉ ተሰርዘዋል። ሠላሳ አንድ።"

ዮርሌኒ፦ ታዛዥስ ታዛዥ ነው፤ አሳዳጊ በደለው እንጂ።

ኦልማን፦ አለቀልኝ! ጉዴ ፈላ!

ዮርሌኒ፦ ሠላሳ አንዱም ደብተሬ ላይ አሉ፣ ለእነሱ እኔ አለሁ። አንተ ስለ አማትህ አስብ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ኦልማን፦ ይህ ደደብ ማሽን!

ዮርሌኒ፦ አትሳደብ፣ ያልከውን ነው ያደረገው። እኔ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ "ላክ" ብቻ ብዬው አላውቅም። ለምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ እነግረዋለሁ። ጻፍ!

ኦልማን፦ እርስዎ ነዎት እኔን የሚያስጽፉኝ? ... እሺ፣ ይበሉ።

ዮርሌኒ፦ "ይህ መሣሪያ የደንበኛን ቤት ይፈልጋል። ኤሬዲያ ከተማ ውስጥ ብቻ ፈልግ። 'የድሮው' ከተባልክ ነገሩ አሁን የለም፤ የነበረበትን ቦታ ያዝ። መቶ ሜትር ማለት ከማዕዘን ማዕዘን ነው። ከተጠራጠርክ ሳትልክ ጠይቅ።"

ኦልማን፦ ኧረ ደብዳቤ ሆነ!

ዮርሌኒ፦ ለስረዛውም ጻፍ። "ቁጥሩ የተነገረህን አንድ ትዕዛዝ ብቻ ሰርዝ። ቁጥር ካልነገሩህ እጅህን ሰብስብ።"

ኦልማን፦ እጅ የለውም እኮ።

ዮርሌኒ፦ ታዲያ ሠላሳ አንዱን በምኑ ሰረዘ?

(በሦስት ዓይነት ወተት የራሰ ሌላ የልደት ኬክ ይመጣል። ሌላ ሞተረኛ በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ኦልማን ያንኑ አድራሻ እንደገና ለረዳቱ ይልካል።)

ኦልማን፦ መለሰ! (ያነባል) "ሾላው የነበረበትን አግኝቻለሁ። ከዚያ ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ነጭ አጥር ያላቸው አራት ቤቶች አሉ። የትኛው ነው?"

ዮርሌኒ፦ የኔ ጎበዝ! ንገረዋ።

(ኦልማን ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አንሳፍፎ ይቀራል።)

ዮርሌኒ፦ ኦልማን! አራት ዓመት ተመላልሰህበታል እኮ።

ኦልማን፦ የምሄደው ሁልጊዜ ፋቢዮላ ሞተር ላይ፣ ከኋላ ተፈናጥጬ ነው። ስልኬን እያየሁ።

ዮርሌኒ፦ ደውልላታ!

ኦልማን፦ እናቷ አጠገብ ቆማ? "ቤታችሁን አላውቀውም" ልበላት? ዛሬ? (ላቡን ጠርጎ ይጽፋል) "አላውቅም።"

ዮርሌኒ፦ ምን አለህ?

ኦልማን፦ (ቀስ ብሎ ያነባል) "አጠገብህ የሚያውቅ ሰው አለ?"

ዮርሌኒ፦ አለች በለው። ተነሥ ከወንበሩ።

(ኬኩ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ሲሆን ደረሰ። ስልኩ እንደገና ይጮኻል። ዮርሌኒ ታዳምጣለች፤ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል መነጋገሪያውን በእጇ ትሸፍናለች።)

ኦልማን፦ እሳቸው ናቸው? ተደሰቱ? ምን አሉ?

ዮርሌኒ፦ በጣም ተደስተዋል። ቤታቸውን እንደማታውቀው ሞተረኛው ነግሯቸዋል። "ኬኩስ ደረሰ፤ አማቼንስ በማን ትልኪልኛለሽ?" ነው የሚሉት።