ሰባት ስልክ ይዞ እህት መጠየቅ

በር ላይ ሰልፍ የሚያስረዝመው ሕግ የሚጥስ ሰው ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። ሰልፍ የሚያስረዝመው ሕግ የሚያነብ ሰው ነው። ከየት አወቅህ አትሉኝም? እኔው ነኛ!

ታናሽ እህቴ ላሊሴ፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲ በገባች በወሯ ደወለች። ሰኞ ትምህርቱን አቋርጬ ወደ ቤት እመጣለሁ አለች። ዶርም አብረዋት የሚኖሩት ሦስት ልጆች እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ እንጂ እሷን አያናግሯትም፤ እሷም አታናግራቸውም። ዝምታ በቤታችን የዘር ነው። እናቴ ታዲያ ከዘመድ ሁሉ መርጣ "ሂድና አግባባት" ብላ የላከችው ማንን መሰላችሁ? በቀን አሥር ቃል የማይሞላውን እኔን።

ጎጆ ከተማ ሞባይል እጠግናለሁ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ እያፈረስኩ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ብሎን ሳልቆጥር አልተኛም። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርቷን እንዳታቋርጥ የሚያሳምኑ ዘጠኝ ምክንያቶች በተራ ቁጥር ጻፍኩ። በዚያው መለዋወጫ ልፈልግላቸው የደንበኞቼን ስድስት ስልኮች ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተሳፈርኩ። ጥየቃ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው። የጎጆን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል... በሩ ላይ የደረስኩት ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ነው።

የጥየቃው ደንብ በሩ ላይ ተለጥፏል። አሥራ አንዱንም ነጥብ አነበብኩ። ጥበቃው ኦቦ ዲንቃ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልክህን አስመዝግብና ግባ አሉኝ።

"ቦርሳዬ ውስጥ ሌሎች ስድስት አሉ።"

"እኔ ጠየቅሁህ?"

"ተራ ቁጥር ሰባት ይጠይቃል።"

ኦቦ ዲንቃ ዞረው ደንቡን አዩት። ከተለጠፈ ወዲህ ሲያነቡት የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። "ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከነመለያ ቁጥሩ" ይላል። ባለ ሁለት ሲም ስልክ ደግሞ ሁለት መለያ ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱ አሥራ አምስት አኃዝ። ሰባት ስልክ... እናንተው አባዙት። ይህን ባልነግራቸው ማን ይከሰኝ ነበር? ነገርኳቸው።

ባትሪ እያወጣሁ ከሥሩ አነባለሁ፤ እሳቸው መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ። ከኋላዬ ሰልፉ አስፋልቱን ነካ። ቆሎ የተሸከሙ አንድ አባት፣ ይህ ሰውዬ ሳይጨርስ ልጄ መመረቋ ነው እያሉ ለጎናቸው ሰው ሲነግሩ እሰማለሁ። እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ሦስተኛው ስልክ ላይ ዜሮ መሆን ያለባት ስድስት ሆና አየኋት።

"ኦቦ፣ ይቺን ቢያስተካክሏት።"

ኦቦ ዲንቃ እስክሪብቶውን አስቀመጡት። "ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ እህትህን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው ወይስ እኔን ልትፈትን?"

ግን አስተካከሏት። እኔም የገባሁት ለአሥር አራት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ላሊሴ ከበሩ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ስታይ ቆይታለች። ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ስቃ ነው እንባዋ የሚወርደው። ሦስቱ የዶርሟ ልጆች ዙሪያዋን ከበዋታል። በዚያ ሲያልፉ ሰልፉን አይተው "ማነው ይሄ?" ብለው ጠይቀዋታል። እሷም በኀፍረት ወንድሜ ነው ብላ ጀመረችና፣ ብሎን አቆጣጠሬን፣ ካልሲ አስተጣጠፌን፣ አንድም ሳታስቀር ነግራቸዋለች። ወር ሙሉ ያልወጣት ቃል በእኔ ስም ወጣ።

ወረቀቴን አወጣሁ። "አንደኛ..." ስል የአሥር ሰዓቱ ፊሽካ ተነፋ።

ሰኞ ትምህርቷን አላቋረጠችም። ይልቅ ደወለችልኝ።

"ልጆቹ ሰላም ብለውሃል። ለመጪው ቅዳሜ ይመጣል ወይ እያሉ ነው።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እመጣለሁ በያቸው አልኳት።

"እንግዲያው" አለች፣ "ቴሌቪዥን ከነመለያ ቁጥሩ ይዞ ይምጣ ብለዋል።"