የቶኩዞ ሳን ምላስ

በየትኛውም ትንሽ ከተማ ምላሱ የሚፈራ አንድ ሰው አይጠፋም። ተሳዳቢ ስለሆነ አይደለም፤ ቀማሽ ስለሆነ ነው። ሠርግ ላይ የመጀመሪያውን ጉርሻ እስኪውጥ ድረስ ደጋሾቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ከሐዘንተኞቹ መሀል ተቀምጦ፣ የአኩሪ አተሩን አይብ ቀምሶ፣ በታላቅ ርኅራኄ፣ "ቶፉው እሳት ላይ ትንሽ ቆይቷል" ይላል። የእኛ ከተማ፣ የካጊሃማ፣ ባለ ምላስ ክቡር ቶኩዞ ሂራባያሺ ናቸው፤ በአክብሮት ቶኩዞ ሳን እንላቸዋለን።

ቶኩዞ ሳን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በከተማችን የሶይ ሶስ፣ የጨዋማው የአኩሪ አተር ማጣፈጫ፣ መጥመቂያ ቀማሽ ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው በአንዲት ጠብታ የትኛው በርሜል እንደሆነ ይለያሉ ይባላል። እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ግን እንደ ከተማው ሰው ሁሉ ምዬ እመሰክራለሁ።

ፍርዳቸው አንዲት ቃል ናት፤ "ይቀረዋል።" ምን እንደሚቀረው ከጠየቅካቸው፣ ያልገባው ሰው ሊገባው አይችልም በሚል ዓይን ያዩሃል። የሶባ ኑድል ቤቱ ባለቤት ከሩቅ ሲያያቸው በጓሮ በር ይወጣ ነበር። የእህታቸው ልጅ በትምህርት ቤት ሩጫ አንደኛ ወጥታ፣ በደስታ ከምሳዋ ቆርሳ ብታቀምሳቸው "ይቀረዋል" አሏት፤ ልጅቷ ሜዳሊያዋን እያለቀሰች ተቀበለች።

ባለፈው ዓመት፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ የከተማችን ልጅ ሺሆ ካትሱራዳ ከሰንዳይ ከተማ ተመልሳ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ራመን፣ ማለትም ኑድል በአጥንትና በዓሣ መረቅ፣ የሚቀርብበት ቤት ከፈተች። ቤቱ ድሮ የስፌት መኪና መጠገኛ ነበር፤ ከእኔ የልብስ እጥበት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። በመክፈቻው ቀን ሰልፉ እስከ ፖስታ ቤቱ ደረሰ። ሁላችንም ለራመኑ የመጣን መሰልን እንጂ የመጣነው ፍርዱን ለመስማት ነበር። ቶኩዞ ሳን ገብተው ተቀመጡ፤ መረቁን ፉት አሉ፤ ኑድሉን ማግ አደረጉ።

"እንዴት ነው?" አለች ሺሆ ከድስቱ ጀርባ።

"ይቀረዋል።"

እፎይ አልን። ዓለም በቦታዋ ናት።

የሚገርመው ግን በማግስቱም መጡ። ከዚያም በየቀኑ። አንድ ቤት ሁለቴ ሲመላለሱ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሚስታቸው ፉሳኤ በዚያው ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ ነበር ያረፉት፤ "ምን ያድርጉ፣ የሚያበስልላቸው የለ" ብለን አለፍነው። ሺሆ ግን የምር ያዘችው። "ዓሣው በዝቷል" ሲሏት ትቀንሳለች። "አጥንቱ ገና አልተናገረም" ሲሏት ከንጋት ጀምራ ትቀቅላለች። መረቋን እንዳለ ገልብጣ ከዜሮ የጀመረችበት ጊዜም አለ።

"ተያቸው በቃ!" አልኳት አንድ ቀን። "እኛ ወደነዋል።"

"አንተማ የቀረበልህን ሁሉ ትወዳለህ፣ ኒሺዋኪ ሳን። እሳቸው ጣፈጠኝ ያሉ ቀን ነው እኔ ራመን ሠሪ የምሆነው።"

ከዚያ ያ ዝናባማ ቀትር መጣ። ሺሆ ስለታመሙት እናቷ በስልክ እያወራች፣ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ሁለት ሳህን አቀረበች፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለእሳቸው። ቀመስኩት። ምንም የለውም! መረቁ ከመጨመሩ በፊት ሳህኑ ውስጥ የሚደረገውን ጨዋማውን ሶስ ረስታዋለች። የቀረበልኝ የፈላ የአጥንት ውኃ ነው። አላዘንኩም፤ እንዲያውም ማንኪያዬን አስቀምጬ የሚወርደውን መዓት በጉጉት መጠበቅ ጀመርኩ።

ቶኩዞ ሳን ፉት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት አሰቡ።

"ዛሬ ጨው በዝቷል" አሉ።

ሺሆ ስልኩን ዘጋች። ፊቴን አየች፣ ከሳህኔ ቀመሰች፣ ክው ብላ ቀረች። ዝም ብትል ኖሮ አልፎ ይሄድ ነበር። ግን ከአፏ አመለጣት።

"ቶኩዞ ሳን… ጨው እኮ አልጨመርኩበትም።"

የሽማግሌው ጆሮ ቀላ። የመብሊያ እንጨቶቹን ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡ፤ አጎንብሰው አመሰገኑ፤ በዝናቡ ያለ ጃንጥላ ሄዱ። በማግስቱ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም።

ሺሆ መጀመሪያ ተናደደች። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲያሞኙኝ! በእሳቸው የተነሳ ስንት ድስት ደፋሁ!" እያለች ሽንኩርቱን እንደ ጠላት ከተፈችው። ከዚያ ቢላዋው ቆመ።

"ታዲያ ምንም ጣዕም የማይሰማቸው ከሆነ፣ በየቀኑ ምን ሊያደርጉ ነበር የሚመጡት?"

ራመን ቤቱ በሚዘጋበት ሐሙስ፣ መረቁን በፔርሙስ፣ ኑድሉን በጨርቅ ይዘን ቤታቸው ሄድን። የሆነውን እንድጽፍ ኋላ ራሳቸው ፈቅደውልኛል።

በሩን ሲከፍቱ ከስተዋል። ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ያወራል። ጥግ ላይ የፉሳኤ ፎቶ፣ ፊቱ ለሟቿ የቀረበ ትንሽ ሳህን ሩዝ።

"እሷ ከሞተች ጀምሮ ነው" አሉ፣ ሳንጠይቃቸው። "ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ አየኝና ምንም የለብህም አለኝ። ምንም የለብኝም! ሩዙም፣ ዓሣውም፣ መድኃኒቱም ለምላሴ አንድ ነው።"

"ለምን አልነገሩንም?" አለች ሺሆ።

"ምን ብዬ? ይሄ ከተማ እኔን የሚያውቀኝ በምላሴ ነው።"

"እሺ፣ እኔ ጋ ለምን ይመጡ ነበር?"

ወለሉን እያዩ ነበር የመለሱላት።

"እንዴት ነው ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ፉሳኤም ሁልጊዜ ማታ ማታ እንደዚያው ትጠይቀኝ ነበር። እኔም ያንኑ ነበር የምመልስላት። ዕድሜዋን ሙሉ፣ አንዲት ቀን እንኳ ጣፈጠኝ አላልኳትም። ይጣፍጠኝ ነበር እኮ፣ ልጄ። ሁልጊዜ ይጣፍጠኝ ነበር። ካመሰገንኳት ትዘናጋለች ብዬ ነው።"

ሺሆ ተነስታ በፉሳኤ ድስት ኑድሉን ቀቀለች፤ ሶሱን ሁለቴ አይታ ጨመረች፤ ሳህኑን ፊታቸው አደረገች። በዚያ ቀን እንዴት ነው ብላ አልጠየቀቻቸውም።

ቶኩዞ ሳን ፉት አሉ። ማግ አደረጉ። ሳህኑን እንደያዙ ቀስ ብለው ወደ ፎቶው ዞሩ።

"ጣፍጧል" አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። "ፉሳኤ፣ በጣም ጣፍጧል።"

ኑድሉ እስኪያብጥ ድረስ እንደዚያው ተቀመጡ። ራመን ሲያብጥ አይበላም፤ ይህን ለካጊሃማ ሕዝብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ዞረው፣ አንድም ሳያስቀሩ፣ መረቁን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨረሱት።

ሺሆ ኩሽና ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ድስቱ ቀድሞ ታጥቧል፤ የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም፤ የውኃው ድምፅ ግን ለቅሶዋን አልሸፈነላትም።