ጋሽ ማንነካው እና የጀልባዋ ታፖ

ከነገሩ ይልቅ ከነገሩ ጀርባ ያለውን የሚያይ አንድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያየው የጎረቤቱን መስኮት ነው። ሐኪም «ደህና ነህ» ሲለው «ምን ቢደብቀኝ ነው?» እያለ ይወጣል። ሰላምታ ሲበዛበት ኪሱን ይዳብሳል። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የምትሉ ካላችሁ፣ እሱ እናንተን ሳያውቃችሁ አይቀርም።

አንድ የሐይቅ ዳር ልብስ ሰፊ ይህን ሰው ያገኘው በጋብቻ ነው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዋና ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ አገር ምድሩ የሚያውቃቸው ጋሽ ማንነካው በሚል ነው። ወንበር ትንሽ ቢንሸራተት «ማን ነካው?» ሬዲዮው ጣቢያ ቢስት «ማን ነካው?» በእህታቸው ሠርግ ቀን ሙሽራውን ከኮሌታ እስከ ጫማ ካዩት በኋላ፣

«ሱፉን የሰፋኸው ራስህ ነህ?» አሉት።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሰው ለራሱ ሲሰፋ ውስጡ ምን እንደሚደብቅ ማን ያውቃል» ብለው፣ ሚዜዎቹ ፊት ገበሩን ገልጠው አዩ።

እኒህ የተከበሩ መርማሪና ልብስ ሰፊው አንዲት አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ በጋራ ነበረቻቸው። መቅዘፍ የልብስ ሰፊው ድርሻ ነው፤ መጠራጠር የጋሽ ማንነካው። በዚህ የሥራ ክፍፍል ማንም ቅሬታ አሰምቶ አያውቅም ነበር፣ ጀልባዋ እስከ መቀመጫዋ ውሃ ጠጥታ እስከተገኘችበት ጠዋት ድረስ።

ጎትተው ወደ ደረቅ መሬት አወጧት። ከኋላዋ፣ ከታች በኩል፣ ውስጧ የገባ ውሃ የሚፈስባት ቀዳዳ አለች፤ ጀልባዋ ሐይቅ ላይ ስትሆን ቀዳዳዋን የምትዘጋው አንዲት የናስ ታፖ ናት። ታፖዋ በቦታዋ አለች፣ ግን በጣት ሲነኳት ትወዛወዛለች።

«ማን ነካው?» አሉ ጋሽ ማንነካው። እንደ ወትሮው ጮክ ብለው አልነበረም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ይሄኔ ነው የሚያስፈሩት።

ከወደቡ ዘበኛ ጀመሩ። «ትናንት ሰላም ብሎኛል። ሌላ ቀን ብሎኝ አያውቅም። ለምን አለኝ?» ከዘበኛው ወደ ጎረቤታቸው ዓሣ አጥማጅ ተሻገሩ፤ የእሱ ጀልባ ውስጧ ደረቅ መሆኑ ብቻውን በቂ ወንጀል ነበር። በመጨረሻ ዞር ብለው አማቻቸውን ተመለከቱት።

«አንተስ ትናንት የት ዋልክ?»

«ሱቅ ነበርኩ፣ ጋሼ። ዩኒፎርም ስሰፋ።»

«ማን አየህ?»

«እህትዎ።»

«እሷማ ሚስትህ ናት። ምስክርነቷ አይያዝልህም።»

ልብስ ሰፊው ጥርሱን ነከሰ። ከሐይቁ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ሰኞ ይከፈታል፤ የልጆቹን ዩኒፎርም ሁሉ የሰፋው እሱ ነው። ዙሪያውን የሚሄደው መንገድ በጎርፍ ተቆርጧል። ያለዚህች ጀልባ ያ ሁሉ ሥራ ሱቁ ውስጥ ተከምሮ ሊቀር ነው። እኒህ ሰውዬ ደግሞ ምስክር ይቆጥራሉ።

ምሳ ላይ ለሚስቱ ነገራት። «ይህን ሥራ ላድርስና ጀልባዋን እንሸጣታለን። ከወንድምሽ ጋር ማበጠሪያ እንኳ በጋራ መያዝ አልችልም።»

«ራስህ ንገረው» አለች ሳህን እያነሳች። «እኔ ከነገርኩትማ ማን እንደላከኝ ሲያጣራ ዓመት ይሞላዋል።»

ማዶ ስደርስ እነግራቸዋለሁ ብሎ ወሰነ።

የጠሩት መካኒክ ከሰዓት በኋላ መጣ። ታፖዋን ፈታ፣ አገላብጦ አያትና ወደ ብርሃን አነሳት።

«ጎማዋ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። የምትገባበት ቀለበትም ጥርሱ ተበልቷል።»

«ማን በላው?»

«ውሃ በላው፣ ጋሼ።»

«ውሃ ብቻውን?»

መካኒኩ ልብስ ሰፊውን አየው፤ ልብስ ሰፊው ሰማዩን አየ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ በጋሽ ማንነካው ትንፋሽ ሥር ተሠራ። መካኒኩ አሮጌውን ቀለበት የያዙትን ሪቬቶች በመሰርሰሪያ ሲያወጣ «ቀዳዳውን እያሰፋኸው ነው» አሉት። ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ሲያጸዳ «አሳሳኸው»። ሲሊኮን ሲቀባ ጣታቸውን ነክረው አሸተቱ። አዲሱ ቀለበት ተመትቶ አዲሷ ታፖ ስትገጠም፣ አሮጌዋን በፌስታል ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ «ለማስረጃ።»

ጀልባዋን በድንጋይ ላይ አስቀምጠው ውስጧን ውሃ ሞሏት፤ ወደ ውጭ ካላንጠባጠበች ወደ ውስጥም አታስገባም። ጋሽ ማንነካው ታፖዋ ሥር ጋዜጣ ዘርግተው ተንበርክከው ጠበቁ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ጋዜጣው ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም።

«እንዴት አንድ እንኳ ጠፋ?» አሉ ቅር ብሏቸው።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊው ዩኒፎርሙን በላስቲክ ጠቅልሎ ጀልባዋ ላይ ጭኖ ሊነሳ ሲል፣ ጋሽ ማንነካው ሁለት ሰደርያ አንጠልጥለው ከተፍ አሉ፤ ሰው ውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ የሚለበሰውን ዓይነት።

«ብቻህን ልትሄድ? ታፖውን ማን ያይልሃል?»

ሁለቱን ሰደርያ ጨመቅ ጨመቅ አደረጓቸው። አንዱ ቀለሙ የለቀቀ፣ ማሰሪያው የተቋጠረ ነው። ሌላው ያብረቀርቃል። የለቀቀውን ለአማቻቸው ወርውረው የሚያብረቀርቀውን ራሳቸው ለበሱ። ልብስ ሰፊው የአዲሱን ስፌት አየ፣ የራሱን አየ። አዲሱን ለራሳቸው፣ ለኔ ቡትቶ፣ አለ በሆዱ።

ቀዛፊ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ መንገዱን በሙሉ ፊት ለፊቱ የነበሩት ጋሽ ማንነካው ናቸው። ከኋላ አጎንብሰው ታፖዋን በመዳፋቸው ደፍነዋል።

«ውሃ አለ፣ ጋሼ?»

«የለም።»

«እንግዲያውስ እጅዎን ያንሱና ቀና ይበሉ።»

«ሳነሳ ነዋ የሚገባው!»

ልብስ ሰፊው እየቀዘፈ ንግግሩን አዘጋጀ። ጋሼ፣ ዝምድናችን ይበልጣል። ጋሼ፣ ጀልባዋም አርጅታለች። ማዶው ሲቃረብ ንግግሩ አልቆ ነበር።

ከጀልባ ማቆሚያው የእንጨት መድረክ ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እጁን ዘርግቶ ገመዱን ጠየቀ። ልብስ ሰፊው ወረወረለት።

«አትስጠው!» ብለው ጋሽ ማንነካው ብድግ አሉ። «ማን እንደሆነ እናውቃለን?»

አሮጌ ጀልባ ላይ ብድግ አይባልም። ጀልባዋ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አለች፣ ጋሽ ማንነካው ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ሐይቁም ዋጣቸው።

ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ሰደርያ ለብሰው የለ? አሁን እንደ ቡሽ ብቅ ይላሉ። ብቅ አላሉም። አንድ እጅ ብቻ ወጣ፣ ጣቶቹ ተከፍተው፣ ያም ተመልሶ ገባ።

ዘለለ። ውሃው ውስጥ ኮሌታቸውን ሲጨብጥ ሰውየው እንደ ድንጋይ ከብደዋል፤ እግራቸው ያለ ሥርዓት ይራገጣል። ዋና አይችሉም። ስንት ዓመት ሐይቅ ዳር አብረው ሲውሉ «ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል» እያሉ እግራቸውን እንኳ የማይነክሩት ለካ ለዚህ ኖሯል! የለቀቀው ሰደርያ ሁለቱንም ተሸክሞ ወደ ላይ አወጣቸው። ዘበኛው የጀልባዋን ገመድ ወደ እነሱ ወርውሮ ጎተታቸው።

መድረኩ ላይ ተዘርረው ሳል አጣደፋቸው። ዩኒፎርሙ በላስቲኩ ውስጥ ደረቅ እንደሆነ ተቀምጧል። ጋሽ ማንነካው ትንፋሻቸው መለስ ሲል በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር የሚያብረቀርቀውን ሰደርያ አውልቀው መጭመቅ ነው። ውሃው ተንዠቀዠቀ።

«ይኸው!» አሉ ፊታቸው እየበራ። «ስፖንጅ ነው! ገና ሱቅ ውስጥ ሳየው ጠርጥሬው ነበር!»

«ጠርጥረውት ነበር?»

«እንዴታ! ያኛው አሮጌው ነው አስተማማኙ።»

«ታዲያ ለምን ለበሱት?»

ጋሽ ማንነካው እንደ ሞኝ ልጅ አዩት። «አንተን ላልብስህ ኖሯል? እህቴን ምን ልላት ነው?»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ዘበኛው አዞሩ፤ ገመድ መወርወር የት እንደተማረ ሊጠይቁት። ልብስ ሰፊው ያን ሁሉ መንገድ ያዘጋጀውን ንግግር ፈለገው፤ አፉ ውስጥ የቀረው የሐይቅ ውሃ ብቻ ነበር። ዩኒፎርሙን ሊያወርድ ተነሳ።

ለመመለስ ሲነሱ የለቀቀውን ሰደርያ አውልቆ ዘረጋላቸው። «እኔ ዋና እችላለሁ። ይልበሱ።»

«ማሰሪያው...»

«ይልበሱ፣ ጋሼ።»

ቋጠሮውን አንድ በአንድ ሲያጠብቅላቸው ጋሽ ማንነካው ጣቶቹን በጥርጣሬ ይከታተሉ ነበር። ግን ፈትተው አላዩትም።