መብራት ጠፍቷል ብዬ ሶኬት የፈታሁ ቀን

እናንተዬ፣ ዛሬ ሰው ልገድል ነበር። እየቀለድኩ አይደለም። በጨለማ ስለምጽፍ የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

ገርጂ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ መከራየቴን ታውቃላችሁ። እንደተመረቅኩ “ራሴን ቻልኩ” ብዬ ፖስት ያደረግኩት ቤት። እዚያ ቤት ምድጃ የምሰካበት ሶኬት ጠቆረ። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው። ሻይ ባፈላሁ ቁጥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

ኤሌክትሪሺያን ጋ ደወልኩ። ዋጋውን ሲነግረኝ “ለአንዲት ሶኬት?” ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ቪዲዮ አየሁ። ሰውዬው ብሎን ፈታ፣ ሽቦ አሰረ፣ ፈገግ አለ። ይሄ ነው? ለዚች ነው ሰው የሚከፈለው?

ሶኬቱን ልገዛ የህንፃ መሳሪያ ሱቅ ሄድኩ።

“ማነው የሚሰራልሽ?” አለኝ ሻጩ።

“እኔ።”

ከላይ እስከ ታች አየኝና “ብሬከር አጥፊ እሺ፣ እህቴ” አለ። እሺ እሺ ብዬው ወጣሁ። ቸኩዬ ነበር። መቼ ቸኩዬ እንደማላውቅ እንጃ።

ቤት ስደርስ መብራት የለም። ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል።

ምን አልኩ መሰላችሁ? ተመስገን አልኩ። በራሱ ጠፍቶልኝ የለ እንዴ? ምኑን አጠፋለሁ? ምን ይነዝረኛል?

ብርሃን እንዲገባ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ሶኬቱን ፈታሁ። ሽቦዎቹን ከግድግዳው ጎትቼ በሽንኩርት ቢላ ላጥኳቸው።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ሽቦዎቹን እንደተላጡ ትቼ ወደ አልጋዬ ሄድኩና አነሳሁት።

“በላሽ?”

“እማ፣ ስራ ላይ ነኝ።”

“የምን ስራ? ዛሬ እሁድ አይደል እንዴ?”

ይሄኔ ብሎኩ በሙሉ “መጣ!” ብሎ ጮኸ። ጩኸቱን ታውቁታላችሁ። ህፃን የለ ሽማግሌ የለ። እኔም ከልምዴ “መጣ!” አልኩ። ደስ ብሎኝ!

ከዚያ ፍሪጁ ማጉረምረም ሲጀምር ሰማሁ።



እነዚያን ሽቦዎች ቅድም በጣቶቼ ይዣቸው ነበር። በባዶ እጄ። እናቴ መብላቴን ለመጠየቅ ባትደውል ኖሮ…

“ሄሎ? ሄሎ?” ትላለች። ስልኩን አልጋው ላይ ጣልኩት። ምክንያቱም ሶልያና ገብታለች።

ሶልያና የጎረቤቴ የእመቤት ልጅ ናት፤ ገና መሮጥ የጀመረች። በራችን ፊት ለፊት ነው። እመቤት በሯን ዘግታ አታውቅም፣ ልጅቷም የእኔን ቤት እንደ ሳሎኗ ነው የምታየው። ስትመጣ ብስኩት እሰጣታለሁ።

ዛሬ ብስኩት አላማራትም። የሽቦው ጫፍ ሲያብለጨልጭ አየች። ጎንበስ አለች። ትንሿን ጣቷን ዘረጋች።

“ሶሊ!” ብዬ ዘለልኩ።  

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ቀሚሷን ከኋላ አፍሼ ወደ ላይ አነሳኋት። እሷ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። “ደግሞ!” አለችኝ።

አሁን ብሬከሩ። የታለ ብሬከሩ?

እዚህ ጋ መሳቅ ትችላላችሁ። ብሬከሩ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነው። ሳጥኑ ሲያስጠላኝ የምርቃት ፎቶዬን ሰቀልኩበት። ትልቁን። በጥቁር ጋውን፣ አበባ ታቅፌ። ሪስክ ማኔጅመንት በሚባል አደጋን አስቀድሞ የመከላከል ኮርስ ኤ ያገኘችው ልጅ።

ሶልያናን ታቅፌ ፎቶዬን በአንድ እጄ ከግድግዳው ነቀልኩት። ፎቶው ወደቀ፣ መስታወቱ ረገፈ። ዋናውን ብሬከር ወደ ታች ሳብኩት። ፍሪጁ ዝም አለ።

እመቤት ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣች። “ምን ሆናችሁ?”

ነገርኳት። ሁሉንም። ሽቦውን አየች፣ ልጇን አየች፣ እኔን አየች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጇን ከእጄ ተቀብላ ቤቷ ገባችና በሯን ዘጋች።

ያ በር ሲዘጋ ምን አይነት ድምፅ እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ ጋ መልሼ ደወልኩ።

“ያቺ የዘጋሽብኝ ልጅ ነሽ?”

“እኔው ነኝ።”

“ነገ እመጣለሁ። እስከዚያ ምንም እንዳትነኪ።”

“አልነካም።”

“ቪዲዮም እንዳታዪ።”

አሁን ብሎኩ በሙሉ በርቷል። ጨለማ ያለው እኔ ቤት ብቻ ነው። አልጋዬ ላይ እግሬን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። መስታወት የሌለው ፎቶዬ ወለሉ ላይ ሆኖ በኩራት ፈገግ ይልብኛል።

ጠዋት ብስኩት ይዤ የእመቤትን በር አንኳኳለሁ። ትክፈትልኝ አትክፈትልኝ እንጃ።

እስከዚያ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ከተቀመጣችሁበት ሳትነሱ መልሱልኝ። የእናንተ ቤት ብሬከር የት ነው? ላዩ ላይስ የማን ፎቶ ነው ያለው?