እሳት ያልነካው ምድጃ

የሰው ልጅ ከዋሻ ከወጣ ጀምሮ ስለ ምድጃ ብዙ ታላላቅ ውሳኔዎች ተላልፈዋል። ከሁሉም የላቀው ግን ባለፈው ዓመት በጥቅምት አጋማሽ፣ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በሃሊፋክስ ከተማ፣ በዴዝመንድ አክሮይድ ሳሎን የተላለፈው ነው። እውነቱን ለመናገር ሳሎኑ የእናቱ ነው፤ ቤቱም የእናቱ ነው። ታላላቅ ሰዎች ግን በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር አይያዙም።

ዴዝመንድ በከተማው ምክር ቤት የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎ በክብር ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በእነዚያ ዓመታት አንድም መስኮት ያለ ቅጽ አልተከፈተም፤ አንድም በር ያለ ማኅተም አልተዘጋም። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ስብሰባ ናፍቆት ከሰውነት ተራ ወጣ። ስለዚህ ከባለቤቱ ከጊሊያን ጋር ጓዙን ጠቅልሎ «እማዬን ልንከባከብ» ብሎ ወደ እናቱ ቤት ገባ። እናቱ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የተወለዱት እዚያው ቤት ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ስላለ አልጋቸው ሳሎን ወርዶላቸዋል። ከአልጋቸው ፊት ለፊት ሟች ባለቤታቸው በወጣትነቱ የገጠማት የጋዝ ማሞቂያ ነበረች፤ ከኋላዋ ግድግዳው በኮምፔንሳቶ ተሸፍኗል። መልኳ አስቀያሚ ነው። ታሞቅ ግን ነበር።

አንድ ቀን ጊሊያን ከመጽሔት ላይ የድሮ ቤት ፎቶ አሳየችው። ዴዝመንድ ተነሥቶ ኮምፔንሳቶውን በጣቱ አንኳኳ። ባዶ ድምፅ መለሰለት።

«ከዚህ ጀርባ ታሪክ አለ» አለ።

«ከዚያ ጀርባ ጥላሸት ነው ያለው» አሉ እናቱ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው «የሳሎኑን ጥንታዊ ምድጃ ወደ ነባር ክብሩ ስለመመለስ» ይላል። ዴዝመንድ ሰብሳቢ፣ ጊሊያን ጸሐፊ፣ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ደግሞ አልጋቸው እዚያው ስለሆነ በታዛቢነት ተገኙ። ማሞቂያዋ ተነቀለች። ከመስኮቱ ሥር የነበረው፣ ሙቅ ውሃ የሚዞርበት የክፍል ማሞቂያ ብረትም «ለዘመኑ ባዕድ» ተብሎ አብሯት ወጣ። ኮምፔንሳቶው ሲገነጠል በእርግጥም በፈረንጆቹ 1889 የተሠራ፣ በጎንና በጎኑ ሰማያዊ አበባ ያለው ሸክላ የተለጠፈበት የብረት ምድጃ ተገኘ። ዴዝመንድ አነባ ማለት ይቻላል። ምድጃው ግን ሰባት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንት የፈጀው ታላቁ ክርክር ተከፈተ፤ ኦሪጅናሉ የትኛው ነው?

«ነጩ የቅርብ ነው» አለ ዴዝመንድ በምላጭ እየፋቀ። «ከነጩ ሥር አረንጓዴ አለ። ከአረንጓዴው ሥር ቡናማ።»

«አረንጓዴው ያምራል» አለች ጊሊያን።

«ማማር መስፈርት አይደለም፣ ጊሊያን። መስፈርቱ ኦሪጅናልነት ነው።»

«እኔን ጠይቁኝ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «ልጅ ሆኜ እዚህ ውስጥ የነበረውን አውቀዋለሁ።»

ዴዝመንድ እስክሪብቶውን አወጣ። «ምን ነበር፣ እማዬ?»

«እሳት።»

ታዛቢ አስተያየት የመስጠት መብት ስለሌለው አልተመዘገበም።

በመጨረሻ ብረቱ እስከ አጥንቱ ተፋቀ፣ በጥቁር ቅባትም ፊት እስኪያሳይ ተወለወለ። የእሳቱ ቦታ ባዶ እንዳይሆን ሦስት ነጭ ሻማና ቁመቱ የተለካ፣ ልጡ በሳሙና የታጠበ፣ በርች የተባለ የነጭ ዛፍ እንጨት ተደረደረበት። ሻማው አይበራም፤ እንጨቱም አይነካም። የእንግሊዝ ሰው ቤቱን ሲያስጎበኝ «ምድጃ አለን» ይላል እንጂ «እሳት አለን» አይልም። ዴዝመንድም በዚህ ረገድ የአገሩን ባህል ጠንቅቆ ያውቃል።

ኅዳር ገባ። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ካፖርታቸውንና የሱፍ ኮፍያቸውን አድርገው መተኛት ጀመሩ።

«ዴዝመንድ፣ ልጄ፣ በረደኝ።»

«እማዬ፣ ምድጃው እኮ ከፊትሽ ነው።»

«አየዋለሁ። እሱም ያየኛል። ሁለታችንም በርዶናል። ታዲያ አንድደው እንጂ።»

«እሳት? በ1889 ብረት ላይ?»

«በ1889 ምን ያነዱበት ነበር መሰለህ?»

ጊሊያን አዝና ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝታ መጣች። ሽቦው ብርቱካናማ ነበር። ዴዝመንድ ሽቦውን አይቶ፣ ምድጃውን አይቶ፣ ማሞቂያውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው የሚል ምቀኛ አይጠፋም፤ ነገሩን ግን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። በአካባቢው «የነባር ምድጃዎች ጥበቃ ማኅበር» የሚባል አለ። ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር ላይ ቤት ለቤት ዞሮ፣ እንከን የሌለው ምድጃ ላለው ሰው በር ላይ የሚሰቀል የነሐስ ሰሌዳ ይሸልማል። ዴዝመንድ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቱ ለሌላው ሰሌዳ ሲፈቅድ ኖረ እንጂ ስሙ ያለበት ሰሌዳ በሕይወቱ አግኝቶ አያውቅም። ይህች ነገር ሆዱን ትበላው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሐኪም መጣ። የወይዘሮ ዊኒፍሬድን እጅ ይዞ በሁለት እጁ አሻሸውና «ወይ ክፍሉ ይሙቅ፣ ወይ እሳቸው የሚሞቅ ቦታ ይሂዱ» ብሎ ወጣ።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ዴዝመንድ ከላይ በርዕሱ የተጠቀሰውን ጉዳይ ከሕግ አንፃር በዝርዝር አብራራ። ምድጃው ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። እናት ግን፣ ጉልበታቸው ቢደክምም፣ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። በመሆኑም ከሽልማቱ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ወደ አረጋውያን መጦሪያ እንዲዛወሩ ተወሰነ።

«እዚያ ማሞቂያ አለ፣ እማዬ። በየክፍሉ።»

«ማሞቂያ ካለ እሱን እዚህ አምጡት። እኔን ለምን ታንከራትቱኛላችሁ?»

«ለጤናሽ ነው።»

«እዚህ ተወለድኩ። አንተንም እዚሁ ወለድኩህ። የአባትህ አስከሬን በዚህ በር ነው የወጣው። እኔም ተራዬ ሲደርስ በዚሁ በር ልውጣ እንጂ በሰኞ ቀን በሻንጣ አልወጣም።»

ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከፍቷቸው ነበር፤ በጣም ከፍቷቸው ነበር፤ ዴዝመንድም ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቷል። ለአፍታ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ነገር ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «ውሳኔውን በዝምታ ተቀብለዋል» ብሎ አሰፈረ።

የጥር ቅዳሜ ደረሰ። ከሰማይ በረዶና ዝናብ ተደባልቆ ይወርዳል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሚስስ ሆርስፎልና አምስት ዳኞች ከጠዋት ጀምረው ምድጃ ሲመረምሩ ዋሉ፤ ዴዝመንድና ጊሊያንም ተፎካካሪዎቻቸውን ለማየት ተከትለዋቸው ዞሩ። አንዱ ቤት ምድጃው መጻሕፍት ተደርድረውበት ነበር። ሌላው ቤት የደረቀ አበባ ነበረበት። ሦስተኛው ቤት ድመት ተኝታበታለች፤ ድመቲቱም ትንቀጠቀጥ ነበር። ዳኞቹ በየቤቱ «ድንቅ ነው» እያሉ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ ነጥብ ሰጡ። የዴዝመንድ ተራ ሲደርስ የሚስስ ሆርስፎል አፍንጫ እንደ ሸክላው አበባ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

ዴዝመንድ በሩ ላይ ቆሞ ለሦስት ሳምንት ያጠናውን ንግግር ጀመረ። «የተከበራችሁ ዳኞች፣ በዚህ ደጃፍ ስታልፉ ወደ 1889...» ብሎ በሩን ሲከፍተው ሙቀት ፊቱን መታው።

ምድጃው ይነዳል። ደረቱ እስኪቀላ ይነዳል። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ካፖርት የለ፣ ኮፍያ የለ፣ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ በረጅም ሹካ ዳቦ ወግተው ይጠብሳሉ። ሻማውና የታጠበው እንጨት በሥርዓት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«ሐሙስ ለማኅበሩ ስብሰባ ስትሄዱ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ጠራሁ። የቁራ ጎጆ አወጣልኝ፤ ሰውዬው እንዳለው ሁለት ትውልድ ኖሮበታል። ከሰሉን ጎረቤታችን ባሺር አመጣልኝ። ያንተን እንጨት አልነካሁትም፤ እርጥብ ነው።»

ዴዝመንድ ወደ ዳኞቹ ዞረ። በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ሚስስ ሆርስፎል ግን ቅጿን አውጥታ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ወደ ምድጃው ተራመደች።

«ጉዳቱን ቀረብ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል» አለች።

ስድስቱም ቀረብ ብለው መረመሩ። መጀመሪያ መዳፋቸውን ዘርግተው መረመሩ። ቀጥሎ ፊታቸውን አዙረው በጀርባቸው መረመሩ። ምርመራው አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ሚስስ ሆርስፎል፣ ከእሳቱ ሳትርቅ፣ ውሳኔውን አነበበች። «ምድጃው በሁሉም ረገድ ኦሪጅናል ነው። ሆኖም እሳት አበላሽቶታል። በመሆኑም ከውድድሩ ለዘለቄታው ተሰርዟል።»

ዴዝመንድ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ዳኞቹ ግን አልወጡም። የማኅበሩ ጸሐፊ ውሳኔውን በንጹሕ መገልበጥ አለብኝ አለ። ሌላው ዝናቡ ይብረድ አለ። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ የተጠበሰውን ዳቦ ቅቤ እየቀቡ አደሏቸው። ዳቦው ሲያልቅ ሚስስ ሆርስፎል ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ የማኅበሩ መደበኛ ስብሰባ ከእንግዲህ «ለአሠራር አመቺነት ሲባል» እዚህ ቤት ቢደረግ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ሁሉም ደገፉ።

«እኔ እንኳ የለሁም» አሉ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ። «ሰኞ መጦሪያ ልገባ ነው። ቤቱ ይበርዳል ብሎ፣ ልጄ።»

የስድስት ሰው ዓይን ዴዝመንድ ላይ አረፈ። ያዘኑት ለእሳቸው እንዳይመስላችሁ።

«ታዲያ እሳቱን ማን ያነደዋል?» አለች ሚስስ ሆርስፎል።

እዚያ ከቆሙት መካከል ስለ ምድጃ ለሃያ ዓመት ንግግር ያደረገ ነበር፤ የምድጃን ብረት አሽትቶ ብቻ ዘመኑን የሚናገር ነበር፤ ሦስት መቶ ምድጃ የመዘገበ ነበር። እሳት ማቀጣጠል የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም። ሚስስ ሆርስፎል ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ከዚህ ቤት እንዳይንቀሳቀሱ የሚደግፍ እጁን ያንሳ አለች። ስድስት እጅ ተነሣ። ጊሊያን ሰባተኛ ሆነች። ዴዝመንድ ዙሪያውን አየ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቱ ከአብላጫው ድምፅ ተለይቶ አያውቅምና እሱም እጁን አነሣ።

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ቀና ብለው አዩት።

«እጅህ ከተነሣ አይቀር» አሉት፣ «የከሰሉን ባልዲ አንሣበት።»

ከሰሉ ያለው ጓሮ ነው። ጓሮ ደግሞ በረዶ ይጥል ነበር።